እጅ የሚታይበት ምስል፦ ከጀጎል የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

በዚህ ወር የጀመርሁት ሥራ በሐረር ጀጎል ውስጥ በሚገኙ የቆዩ ቤቶች የሴቶችን ምስል አንሥቶ በሳያኖታይፕ ማተም ነው። ሳያኖታይፕ በብረት ጨውና በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ሰማያዊ የፎቶግራፍ ኅትመት ሲሆን፣ እኔም በወፍራም ወረቀትና በአቡጀዲ ላይ ላትመው አስቤአለሁ። የምከተለው የምስል ዓይነት በሥዕል፣ በፎቶግራፍ፣ በፊልምና በሥነ ጽሑፍ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ሴትን በርኅራኄና በናፍቆት የሚያይ ዓይነት ነው፤ በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን፣ ስስ ነጭ ጨርቅ፣ የተፈታ ፀጉር፣ መስተዋት፣ አበባ፣ ውኃ፣ ሐሳብ ይዞት የሄደ ፊት። አንዳንዶች ይህን ዓይነት ምስል ለጌጥ ብቻ የሚሆን አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ለስላሳነት ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ውጤት መሆኑን ስለማምን፣ እያንዳንዱን ደረጃ እንደ ሠራሁት እዚህ እመዘግባለሁ።

መነሻ ያደረግኋቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ብሪታንያ የሠሩ ሁለት ሴቶች ናቸው (በዚህ ማስታወሻ የውጭ ሥራዎች ዓመታት የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን በ1863 መጨረሻ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ስትቀበል 48 ዓመቷ ነበር። ምስሉ በካሜራው መስታወት ላይ ውብ ሆኖ ሲታያት ሌንሱን ማዞሯን እዚያው ታቆማለች፤ የዘመኑ ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት መስመሩ ሁሉ ጥርት እስኪል ድረስ አትቀጥልም ነበር። ሌዲ ክሌሜንቲና ሃዋርደን ደግሞ በለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚገኘው ቤቷ አንዱን ፎቅ ስቱዲዮ አድርጋ ሴቶች ልጆቿን በመስኮትና በመስተዋት አጠገብ ታነሣ ነበር። በ1865 ያረፈችው በ42 ዓመቷ ነው። ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከ700 በላይ ምስሎቿ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ከአልበም ተቀድደው የወጡ ስለሆኑ ማዕዘናቸው ጎድሏል። ሁለቱም በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ የሠሩ በመሆናቸው፣ መብራት ሳይገዛ በቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከእነርሱ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

ጥቅምት፣ ዐርብ ከቀትር በኋላ

ዛሬ ብርሃኑን ብቻ አጠናሁ። በሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ በጌይ ጋር፣ ወደ ዋናው ክፍል የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው በግቢው በር በኩል ነው። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ብርሃኑ በቀይ የተቀባውን መሬት ይመታና ወደ ላይ ተመልሶ በነደባው (ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተሠራው መደብ) ላይ የተቀመጠችውን ሴት ከአገጯ በታች ያበራታል። በአውሮፓ ሥዕሎች የለመድነው ብርሃን ከጎን በሚገኝ ረጅም መስኮት ስለሚመጣ የፊቱ ግማሽ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ እዚህ ግን ጥላው ራሱ ከመሬቱ በሚመለሰው ብርሃን ይለዝባል። በሩን በግማሽ መልሼ፣ ነጭ ነጠላ በወንበር ላይ ዘርግቼ ብርሃኑን ወደ ጎን ባዞርሁት ጊዜ ደግሞ ሃዋርደን በመስኮቷ አጠገብ ካገኘችው ጋር የሚቀራረብ ሁኔታ ተፈጠረ። ለሥራው የሚስማማው ሰዓት ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ በግቢው ላይ ቀጥ ስለምትል ብርሃኑ ይጠነክራል።

ሌላው ያሰብሁበት ነገር የጀርባው ግድግዳ ነው። የዚህ ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ በቀለም የተሠሩት ስፌቶች በክብ በክብ ተሰቅለዋል፣ በግድግዳው ውስጥ በተሠሩት መደርደሪያዎች ደግሞ ጎድጓዳ ሳህኖችና ጣሳዎች ተደርድረዋል። ለስላሳ ምስል ባዶ ጀርባ ይፈልጋል የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። ግድግዳውን የሞላው የቤቱ ሴቶች የሠሩት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ሥራ ስለሆነ እርሱን በመጋረጃ መሸፈን ቤቱን ከባለቤቶቹ መንጠቅ መስሎ ተሰማኝ። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 2 ከፍቼ ስፌቶቹ ደብዘዝ ያሉ ክቦች ሆነው እንዲቀሩ ወሰንሁ።

ጥቅምት አጋማሽ

በስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን ካገኘው መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ለሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሆን ስስ መረብ ገዛሁ፤ ነጭም ጥቁርም። መረብን በሌንስ ፊት መዘርጋት በፊልም ሥራ የቆየ ዘዴ ነው። በ1975 በአውስትራሊያ በተሠራው «ፒክኒክ አት ሃንጊንግ ሮክ» በተሰኘው ፊልም ነጭ የለበሱ ተማሪዎች በዓለት ተራራ ላይ ሲጠፉ የሚታየውን ጭጋጋማ ወርቃማ ብርሃን፣ ዳይሬክተሩ ፒተር ዌርና የካሜራ ባለሙያው ራስል ቦይድ ያገኙት የሙሽራ ዓይነ ርግብ በሌንሱ ላይ በመዘርጋት ነበር።

ሁለቱን ቀለሞች አወዳደርሁ። ነጩ መረብ ብርሃን ስለሚይዝ ጥላውን ያነጣዋል፣ ምስሉንም በስስ ወተታማ ሽፋን ያለብሰዋል። ጥቁሩ የጥላውን ጥልቀት ጠብቆ ብርሃን የበዛበትን ጠርዝ ብቻ ያለዝባል። ሳያኖታይፕ በተፈጥሮው ስስ የሆኑ የጥላ ልዩነቶችን አጥርቶ ስለማያሳይ ለኅትመቴ የሚሻለው ጥቁሩ ነው፤ ነጩ የሚሰጠው ወተታማነት በሰማያዊ ሲታተም ግራጫ ብቻ ይሆናል። መረቡን በሌንሱ አፍ ላይ በላስቲክ አሠርሁትና ለነገ አዘጋጀሁ።

ማግስቱ

መጀመሪያ የተቀመጡልኝ የቤቱ ታላቅ እናት ናቸው። በነደባው ላይ ትራስ ደግፈው፣ እጃቸውን በጭናቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ እንዲመለከቱ ጠየቅኋቸው፤ በብዙ ሥዕሎች ያየሁትን አቀማመጥ ማለቴ ነው። ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ እጄን አጣጥፌ በፎቶ መውጣት አልፈልግም፤ ያየ ሰው ምን ይላል? ስፌቴን አቀብዪኝ» አሉ። አቀበልኋቸው። አክርማው፣ ስንደዶውና ወስፌው በእጃቸው ሲገባ ትከሻቸው ወረድ አለ፣ አንገታቸው ወደ ሥራው ዘንበል አለ፣ ፊታቸውም እኔ በቃል ላስተካክለው የማልችለውን ጸጥታ ያዘ። ባለፈው ሳምንት ሐሳብ ይዞት የሄደ ፊት ብዬ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር፤ የመጣው ግን ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ስለነገርኋቸው ሳይሆን እጃቸው የሚሠራው ስላገኘ ነው።

በቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ጥቂት ስለነበር ካሜራውን በመቆሚያው ላይ አድርጌ መዝጊያውን ለሩብ ሰከንድ ከፈትሁት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፊታቸው ጸንቶ ሲቆይ ወስፌውን የያዘው እጅ ተንቀሳቅሷል፤ በምስሉ ላይ የሚታየውም ጥርት ያለ ፊት፣ ከሥሩ ደግሞ ጠርዙ የማይያዝ የሚፈስ እጅ ነው። ቀጥሎ መረቡን አውልቄ ደገምሁት። መረብ ሳይኖርም ምስሉ ለስላሳ ነው፤ ልስላሴው ያለው ሥራው ባለበት፣ እጁ ላይ ነው። እስከ ማታ ድረስ ይህን ምስል ደጋግሜ ስመለከተው ቆየሁ፤ መረቡንም በዚህ ሥራ ዳግመኛ እንደማልጠቀምበት ያን ጊዜ ወሰንሁ።

ጥቅምት መጨረሻ

የእኒያ እናት ቃል የለመድኋቸውን ምስሎች ሁሉ መልሼ እንድመረምር አደረገኝ። እጅ የት አለ? በአብዛኞቹ ውስጥ እጅ አበባ ይይዛል፣ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ በአንገት ላይ ያርፋል፣ በመጋረጃ ጠርዝ ይሰቀላል፤ የሚሠራው ግን የለውም። ይበልጥ ያስገረመኝ ለእነዚያ ምስሎች የተቀመጡት ሴቶች እነማን እንደነበሩ ሳነብ ነው። በጆን ኤቨረት ሚሌ ሥዕል ውስጥ፣ በአበባ ተከብባ በወንዝ ላይ የምትንሳፈፈው ኦፊሊያ (በሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» ውስጥ ውኃ ውስጥ ሰምጣ የምትሞተው ወጣት)፣ የዚህ ዓይነት ምስል ሁሉ እናት ልትባል የምትችል ናት። ለዚያ ሥዕል የተቀመጠችው ኤሊዛቤት ሲዳል በለንደን በሴቶች ባርኔጣ መሸጫ ሱቅ ትሠራ የነበረች ወጣት ናት። ሠዓሊው በክረምት ወራት ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አስተኝቷት ውኃውን ከሥር በመብራት ያሞቀው ነበር፤ መብራቶቹ ሲጠፉ እርሷ ምንም ሳትል በቀዘቀዘው ውኃ ውስጥ ቆየች፤ ብርዱም አሳመማት። አባቷ ለሕክምና 50 ፓውንድ እንዲከፈል ጠየቁ። ሥዕሉ በ1852 ለሕዝብ ታየ። በሥዕሉ ላይ ልትሰጥም ተቃርባ የምትታየው ሴት በእውነቱ በብርድ እየታገሠች ሥራ ላይ ነበረች፤ በኋላም ራሷ ሥዕል ሠርታለች፣ ግጥምም ጽፋለች።

የካሜሮንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በምስሎቿ ውስጥ ደጋግማ የእመቤታችን የማርያምን አምሳል ይዛ የምትታየው ሜሪ ሂሊየር የቤቷ ሠራተኛ ነበረች። ምድጃ የሚያነድድ፣ ልብስ የሚያጥብ እጅ በምስሉ ላይ በሻሽ ተሸፍኖ በሕፃን ዙሪያ ያርፋል። እነዚያን ምስሎች አሁንም እወዳቸዋለሁ፤ የሂሊየር ፊት ላይ ያለው የእርጋታ ክብደት ከማንኛውም የዘመኑ ፎቶግራፍ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ያን ክብደት የሰጠው የሥራ ኑሮ ከምስሉ ውጭ መቅረቱን አንድ ጊዜ ካየሁ በኋላ እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ አልቻልሁም። ከዚህ በኋላ በምወስዳቸው ምስሎች ሁሉ እጅ ይታያል፤ እጁ የሚይዘውን ነገር የምትመርጠውም ተቀማጯ ናት። ይህን ለሥራው ደንብ አደረግሁት።

ስለዚህ ደንብ አንድ ሥጋት አለብኝ። ሴትን በሙያዋ ብቻ መመዘን በአገራችን የቆየ ነገር ስለሆነ፣ እጅን አሳያለሁ ስል ናፍቆትና ውበት የነበረበትን ምስል የቤት ሥራ ማስረጃ አድርጌ እንዳልቀር እፈራለሁ። ምርጫውን ለተቀማጮቹ የተውሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኅዳር፣ ከሚካኤል በኋላ

ኬሚካሎቹ ከአዲስ አበባ ደረሱ። አዘገጃጀቱ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል በ1842 ካገኘው ብዙም አይለይም፤ 25 ግራም አረንጓዴ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ለየብቻ ይሟሟል፤ ሁለቱ እኩል በእኩል የሚቀላቀሉት ሊቀቡ ሲሉ ብቻ ነው። ለመሟሟቱ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ተጠቀምሁ። በደብዛዛ አምፖል ብርሃን በሰፊ ብሩሽ ቀብቼ በጨለማ አደረቅሁት። ወረቀቱ ሲደርቅ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል።

ነጋቲቩን (ብርሃንና ጥላው የተገለበጠውን ምስል) በከተማው ማተሚያ ቤት በግልጽ ፕላስቲክ ላይ አሳተምሁ። የሌዘር ማተሚያው ጥቁር ቀለም ለብቻው ብርሃኑን በበቂ ስለማያግድ ሁለት ቅጂ አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ፣ ነጋቲቩና መስታወቱ በሰሌዳ ላይ ተደራርበው በልብስ መቆንጠጫ ይያዙና ወደ ጣሪያ ይወጣሉ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ከስምንት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ብርሃን የነካው ክፍል ወደ ነሐስ ግራጫ ሲለወጥ ማንሣት ነው። ብርሃኑ ብረቱን ይለውጠዋል፣ የተለወጠውም ብረት ከፌሪሳያናይዱ ጋር ተዋሕዶ በውኃ የማይለቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብርሃን ያልደረሰበት በእጥበት ይሄዳል።

ይህ አሠራር በኸርሸል እጅ ከተገኘ ከዓመት በኋላ አና አትኪንስ የባሕር እጽዋትን በቀጥታ በወረቀቱ ላይ እያስቀመጠች በ1843 የመጽሐፏን የመጀመሪያ ክፍል ያወጣችው በዚሁ ሰማያዊ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው በእጅ ተቀብቶ፣ በፀሐይ ተነሥቶ፣ በውኃ ታጥቧል። ለሥራዬ ሰማያዊውን ስመርጥ ከሁሉ በፊት ያሰብሁት ስለ ቀለሙ ነበር። አሁን ግን በየቀኑ እጄ በውኃ ውስጥ ሲገባ የአትኪንስን እጅ አስባለሁ።

ኅዳር፣ ሁለተኛ አጋማሽ

የውኃ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው የሚገባኝ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ከመስታወቱ ሥር ሲወጡ ጥልቅ ነበሩ፤ በቧንቧ ውኃ ረጅም ጊዜ ሲታጠቡ ግን ስሱ ክፍል፣ ማለትም የጉንጩና የጣቱ ጥላ፣ እየነጣ ሄደ። እዚህ የምንጠቀመው ውኃ በጀበናና በማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው፣ ኖራ የበዛበት ውኃ ነው። የሳያኖታይፕ ሰማያዊ ደግሞ አሲድነት ባለው ውኃ ይጸናል፣ አልካሊ ባለው ውኃ ይፈርሳል፤ ኖራ የተጨመረበት ወረቀትም ለዚሁ ሥራ አይሆንም። መፍትሔው ቅርብ ነበር። በመጀመሪያው የእጥበት ሳህን ውስጥ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሬ፣ በንጹሕ ውኃ የሚደረገውን የመጨረሻ እጥበት አሳጠርሁት፤ የጣቶቹ ጥላም ተመለሰ።

በዚህች ከተማ ስለ ውኃና ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ አለ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በንግድ ሥራ ሐረር በነበረበት ጊዜ ካሜራ አስመጥቶ፣ በግንቦት 1883 ለቤተሰቡ የራሱን ምስሎች ልኳል፤ አንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሌላው በቡና አትክልት ውስጥ፣ ሦስተኛው እጆቹን አጣምሮ በሙዝ አትክልት ውስጥ ቆሞ። በዚያው ደብዳቤ፣ የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ሁሉም ነጥተዋል ሲል ጽፏል። የእርሱ አሠራር በብር ጨው፣ የእኔ በብረት ጨው ስለሆነ የመንጣቱ ምክንያት አንድ አይደለም፤ ቢሆንም በዚህችው ከተማ ጣሪያ ላይ ሆኖ ምስሉ በውኃ ውስጥ ሲደበዝዝ የተመለከተ ሰው ከእኔ በፊት እንደነበረ ማወቄ ለሥራው ያለኝን አክብሮት ጨመረው።

ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከውኃው ይበልጣል። ይኸው ራምቦ በ1870፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ስለዚያችው ኦፊሊያ ግጥም ጽፎ ነበር፤ በረጅም ዓይነ ርግብ ተጠቅልላ በጥቁር ውኃ ላይ እንደ ትልቅ አበባ የምትንሳፈፍ ነጭ ሴት። የናፍቆትን ሴት በቃል የሣለው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ሐረር ላይ ካሜራ ሲይዝ ያነሣው ግን ራሱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የቆዳ ከረጢት የሚሠራ ሰው ነው። ከረጢት ሠሪው በዕቃዎቹ መካከል ተቀምጦ ይታያል። ከተረፉት ጥቂት ምስሎች ውስጥ ዓይኔን የሚይዘው እርሱ ነው፤ በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ወደ ፎቶግራፎቹ ክፍል በወጣሁ ቁጥር የቆየውን የሐረርን ሕዝብ የማየው በዚያ ሰው በኩል ነው።

ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ

ሁለተኛዋ ተቀማጭ ለጋብቻ የታጨች ወጣት ናት። ከቤተሰቧ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ፊቷ ከቤተሰቡ ውጭ እንዳይታይ ጠየቀችኝ፤ ተስማማን። ጀርባዋን የሰጠች ወይም ፊቷን የመለሰች ሴት በዚህ ዓይነት ምስል ውስጥ የተለመደች ናት፤ ሠዓሊው ፊቷን የሚያዞረው ተመልካቹ በሐሳቡ እንዲከተላት ነው። የእኔ ምስል በቅርጹ ያንን ይመስላል፤ ፊቷን ያዞረችው ግን እርሷ ራሷ ናት፣ ፊቷን ማን ማየት እንዳለበት ወስና። ይህ ልዩነት በምስሉ ላይ ይታይ እንደሆነ ብዙ አሰብሁ። የሚታይ ይመስለኛል፤ አንገቷ አልተጎተተም፣ ትከሻዋም ለማንም አልተዘጋጀም።

ምስሉን ያነሣሁት ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሚያሳልፉባት ክርታት በምትባለው ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። የእጅ ሥራ ምረጪ ባልኋት ጊዜ የመረጠችው የራሷን ሳይሆን የአክስቷን እጅ ነው፤ አክስቷ ጉፍታ እንዴት እንደሚታሰር ታሳያት ነበር። ጉፍታ ያገባች የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ከሁለት ከፍላ ከጆሮዋ ኋላ ከጠቀለለችው በኋላ የምትሸፍንበት ስስ መረብ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊያን የተፈታ ፀጉርን ይወድዱት የነበረው፣ በዚያ ዘመን ያደገች ሴት ፀጉሯን ሰብስባ ስለምትይዝ የተፈታው ፀጉር ከቤት ውጭ የማይታይ ምሥጢር ስለነበረ ነው። እኔ ያነሣሁት የሚሰበሰበውን ፀጉር ነው፦ አራት እጆች፣ ሁለት ጥቅል፣ አንድ መረብ። መዝጊያው ለግማሽ ሰከንድ ተከፍቶ ስለቆየ የአክስትየው ጣቶች ወደ መረቡ ቀልጠው ገብተዋል። ከመኪና ግርግር የገዛሁትን ነጭ ዓይነ ርግብ ለልጅቷ ሰጠኋት።

ይህ ምስል ከሁሉ የተሻለ ሥራዬ መሆኑን ያለ ማመንታት እጽፋለሁ። በወረቀት ካተምሁት በኋላ የአጥላስ ቀሚሷ እጥፋት የያዘውን ብርሃን ሰማያዊው እንዴት እንደ ጠበቀው ለማየት አጉሊ መነጽር ይዤ ተቀመጥሁ። እጥፋቱ ሁሉ አለ።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ሦስተኛዋ በቤቷ በእግር መኪና ልብስ የምትሰፋ እናት ናት። ምን መያዝ እንደምትፈልግ ስጠይቃት፣ «ምንም። ቀኑን ሙሉ ይዤ ነው የምውለው፤ አንቺ ስታነሺኝ ልረፍበት» አለችኝ። ደንቤን የፈተነው ይህ መልስ ነው፤ ደንቡም በእርሷ ቃል ተሻሻለ። በመኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልጣ፣ ዓይኗን ጨፍና አነሣኋት። የደከመች፣ የተኛች፣ ዓይኗን የጨፈነች ሴት በዚህ ዓይነት ምስል ውስጥ ስትደጋገም ብዙ ጊዜ ከምን እንዳረፈች አይነገርም። እዚህ ግን መኪናው አጠገቧ አለ፣ ክሩ በመርፌው ውስጥ ነው፣ በጣቷ ጫፍ መርፌ የወጋው ምልክት ይታያል። ስለዚህ እጅ ይሥራ የሚለውን ደንብ፣ እጅ የሠራው ይታወቅ ወደሚል ለወጥሁት። ምስሉን ሳሳያት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና ለእናቷ የሚሆን ቅጂ ጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ፣ የመጨረሻው ሳምንት

ቀለሙን በሻይና በቡና ማጥቆር ሞከርሁ። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ሰማያዊውን ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለውጠዋል፤ አስቀድሞ በቀላል ሶዳ ካነጡት ደግሞ ቡናማ ይሆናል። በዚህ አገር የሚጠጣውን የቡና ቅጠል፣ ቁቲን፣ አፍልቼ ተጠቀምሁበት፤ ወረቀቱን ደስ የሚል የዝሆን ጥርስ ቀለም አለበሰው፣ ሰማያዊውን ግን ብዙም አልነካውም። የእኒያን ታላቅ እናት ምስል በዚህ መንገድ አጠናቀቅሁ። የሌሎቹ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል።

አቡጀዲውን በደንብ አጥቤ ፋብሪካው የቀባውን ስታርች ካስለቀቅሁ በኋላ ቀባሁት። ጨርቅ ከወረቀት ይበልጥ መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ለፀሐይም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጥቃቅን ዝርዝሩም በድሩና በማጉ መካከል ይጠፋል። ለክርታቷ ምስል ይህ አልተስማማም። ለልብስ ሰፊዋ ግን በጣም ተስማማ፤ የመዳፏ መስመሮች ከጨርቁ ክሮች ጋር ተዋሕደዋል።

ጥር፣ መጀመሪያ

ስለ አሰቃቀሉ ከሦስቱም ጋር ተነጋገርን። የታላቋ እናት ምስል በራሳቸው ግድግዳ ላይ፣ በእጃቸው በተሰፉት ስፌቶች መካከል፣ የበሩ ብርሃን በማይመታው በኩል ይሰቀላል። ሳያኖታይፕ ለብዙ ጊዜ በጠንካራ ብርሃን ፊት ሲቆይ ይደበዝዛል፤ በጨለማ ሲቀመጥ ግን አብዛኛው ቀለሙ ስለሚመለስ፣ በየጊዜው አውርደው በሣጥን እንዲያሳርፉት ነገርኋቸው። የሙሽራይቱ ምስል ከቤተሰቧ አይወጣም፣ ነጋቲቩንም ከኅትመቱ ጋር አስረክቤአለሁ፤ እኔ ዘንድ የቀረው በአክስቷ ፈቃድ፣ ጣቶቹና ጉፍታው ብቻ የሚታዩበት ቁራጭ ነው። የልብስ ሰፊዋ ሁለት ቅጂ ታትሟል፣ አንደኛው ለእናቷ።

ቀጥሎ የምሠራው በግድር መጋላ ገበያ ቅመም ከምትሸጥ ሴት ጋር ነው። ከሱቋ ድንኳን ሥር የሚገባው ብርሃን በሸራው ቢጫነት የተቀባ ስለሆነ የነጋቲቩን ጥንካሬ እንደገና ማስተካከል ይኖርብኛል፤ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬቱም ወደ ማለቁ ስለተቃረበ ለአዲስ አበባ ትእዛዝ ልኬአለሁ። በእጇ ሚዛኑን ትይዝ ወይም ታስቀምጠው እንደሆነ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ በማለዳ እንድመጣ ነግራኛለች።